ጥቂት ሥዕል፣ ረጅም ምሳ፦ ለጥንዶች የአንድ ቀን መመሪያ

የሥነ ጥበብ ሙዚየም አብረው ገብተው ተኳርፈው የሚወጡ ጥንዶች ጥቂት አይደሉም። አንዱ ከእያንዳንዱ ሥዕል ጎን የተለጠፈውን ጽሑፍ ካላነበብኩ ብሎ ይገተራል፤ ሌላዋ ሦስት ክፍል ቀድማ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳን እየነካካች ትጠብቃለች። እግር ይዝላል፣ ሆድ ይጮኻል፣ ምሳ በተገኘው ቦታ ይበላል። እዚያም ወሬው ስለ ሥዕል መሆኑ ቀርቶ «ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምታስጠብቀኝ?» ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከሰዓት አደላደሉ ነው፦ ሙዚየሙ ረዘመ፣ ምሳው አጠረ።

እኔ የምመክረው ግልባጩን ነው። ሙዚየም ውስጥ ቢበዛ ሁለት ሰዓት፣ ገበታ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት። ምሳውን የድካም ማካካሻ አታድርጉት፤ የጉብኝቱ ሁለተኛ አጋማሽ ነው ብላችሁ ያዙት። የቀረው ዝግጅት ሁሉ የሚቀዳው ከዚህ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ በየዓመቱ በተለያዩ አገሮች ሙዚየሞች የሚካሄድ «ስሎው አርት ዴይ» (ሥነ ጥበብን በዝግታ የማያ ቀን) የሚባል ቀን አለ። ተሳታፊዎቹ አምስት ሥራዎችን ለአሥር አሥር ደቂቃ ያያሉ፤ ከዚያ ምሳ ላይ ተሰብስበው ስላዩት ያወራሉ። በቃ። ለሁለት ሰው ሲሆን ግን ትንሽ ማስተካከያ ይፈልጋል። ሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ከዋለ ምሳ ላይ የሚነጋገረው ያልቅበታል።

1. ከምሳው ተነስታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ

መጀመሪያ የምትይዙት የምግብ ቤቱን ቦታ ነው። ትኬት ቀጥሎ ይደርሳል። ሙዚየሙ ጠዋት 4 ሰዓት የሚከፈት ከሆነ በ4 ግቡ፣ በ6 ውጡ፣ ገበታውን ለ7 ሰዓት ያዙ። መካከል ላይ የቀረችውን አንድ ሰዓት ማንም እንዳይነካባችሁ። ሱቁን ለማየት፣ ለመጸዳጃ ቤት፣ ዝግ ብሎ ለመራመድ፣ ደጅ ላይ ትንሽ ለመቀመጥ ትሆናለች። ከሥዕል ፊት በቀጥታ ወደ ሜኑ የሚሮጥ ሰው ያየው ነገር ሳይረጋለት ነው የሚያዝዘው።

በጠዋት መግባት የሚያዋጣው በብዙ ሙዚየሞች የመጀመሪያው ሰዓት ጸጥ ያለ ስለሆነ ነው። የአስጎብኚ ቡድንና የትምህርት ቤት ልጆች ሲመጡ እናንተ ዋናውን ጨርሳችኋል።

የመዝጊያ ቀን ጉዳይ ተራ ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የተዘጋ በር ፊት ቆሞ ፎቶ ተነስቶ ተመልሷል። ሁሉም ሙዚየም ሰኞ የሚዘጋ የሚመስላቸው አሉ። ፓሪስ ውስጥ እንኳ ሉቭር ማክሰኞ ሲዘጋ ኦርሴ ደግሞ ሰኞ ነው የሚዘጋው። የማድሪዱ ሬይና ሶፊያ ማክሰኞ፣ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ረቡዕ ይዘጋሉ። የምትሄዱበትን ሙዚየም ድረ ገጽ በዚያው ሳምንት ተመልከቱ፤ በዓል ካለ ሰዓቱ ሊለወጥ ይችላል። ነጻ መግቢያ የሚሆንባቸውን ቀናት ደግሞ ለሌላ ጊዜ አቆዩአቸው። ገንዘብ ይቆጥባሉ፤ ለዚህ ዓይነቱ ቀን የሚያስፈልገውን ጸጥታ ግን አይሰጧችሁም።

2. ሙዚየሙን አሳንሱት

ሉቭር ለእይታ ያቀረባቸው ሥራዎች ወደ 35,000 ይጠጋሉ። በእያንዳንዱ ፊት አሥር ሰከንድ ብቻ ብትቆሙ፣ ለመራመጃ ምንም ሳይታሰብ፣ 97 ሰዓት ይፈጃል። ሳትተኙና ሳትበሉ አራት ቀን መሆኑ ነው። እንግዲህ «ሁሉንም እናያለን» የሚለው ሐሳብ ከበሩ ላይ የሚቀር ነው።

ምርጫ ካላችሁ ትንሽ ሙዚየም ምረጡ። በአንድ ሰብሳቢ ቤት ውስጥ የተቋቋሙት ወይም ለአንድ ሠዓሊ የቆሙት ለሁለት ሰው ይመቻሉ፤ ክፍሎቻቸው ጠበብ ያሉ ናቸው፣ ወንበር አላቸው፣ አንዳችሁ ብትጠፉ በሁለት ደቂቃ ትገኛላችሁ። ምርጫ ከሌለና ሙዚየሙ ግዙፍ ከሆነ ካርታውን አስቀድማችሁ አውጡና ሦስት ክፍል አክብቡ። አንዱን እሷ፣ አንዱን እሱ፣ ሦስተኛውን ሁለታችሁም ምንም የማታውቁትን። ሦስቱ ተጠጋግተው ቢገኙ ይመረጣል።

ከሁለታችሁ አንዳችሁ ለሥዕል ብዙም ፍላጎት የሌላችሁ ከሆነ፣ ሰው ያለበትን ክፍል ምረጡ፦ የሰው ገጽታ ሥዕሎች፣ የቤት ውስጥ ኑሮ፣ ገበያ፣ ግብዣ። ስለ ሰው ፊት ማንም አስተያየት አያጣም። መስመርና ቀለም ብቻ የሆነው ዘመናዊ ሥራ ድንቅ ነው፤ ግን ሳይወድ በግድ ለመጣ ሰው የመጀመሪያ ቀን ምግብ አይመስለኝም።

አንድ የተወሰነ ሥራ ለማየት ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ በእይታ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ሥዕሎች ለሌላ ሙዚየም በውሰት ይሄዳሉ፣ ለጥገና ይወርዳሉ፣ ተራቸውን ጠብቀው መጋዘን ይገባሉ። ትልልቆቹ ሙዚየሞች በድረ ገጻቸው ላይ እያንዳንዱ ሥራ የት ክፍል እንዳለ ያሳያሉ። መጠኑንም እግረ መንገዳችሁን ተመልከቱ። ሞና ሊዛ 77 በ53 ሴንቲ ሜትር ናት። ግድግዳ የምትሞላ መስሏቸው የሄዱ ሰዎች ግራ ተጋብተው የሚወጡት ለዚህ ነው። በተቃራኒው የፒካሶ ጌርኒካ ስፋቱ ከ7 ሜትር ተኩል ያልፋል፤ እሱን ለማየት ወደ ኋላ መራቅ አለባችሁ።

3. የምሳውን ቦታ መምረጥ

ሙዚየም ውስጥ መብላት ነውር የለበትም፤ የቆየ ልማድም ነው። የሎንዶኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ምግብ ቤት ለጎብኚ በመክፈት የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል፤ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ያስጌጣቸው ሦስት የመመገቢያ ክፍሎች ዛሬም በአገልግሎት ላይ ናቸው። የሙዚየም ካፌ ጥቅሙ ቅርብ መሆኑ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ራስን በራስ የሚያስተናግዱበት፣ ትሪ ተሸክሞ ወንበር የሚፈለግበት፣ ጩኸት የበዛበት ቦታ መሆኑ ነው። ለቡና ይሆናል። ለሁለት ሰዓት ጨዋታ ግን በእግር ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ ቦታ ውጭ ፈልጉ። መንገዱ ራሱ ከሙዚየሙ ስሜት ያወጣችኋል።

ቦታውን ስትመርጡ ከምግቡ ዝርዝር በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሙዚቃው የሰው ድምፅ ያሸንፋል ወይ? ወንበሩ መደገፊያ አለው ወይ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ገበታውን ለስንት ሰዓት ይሰጡናል? አንዳንድ ቤቶች ለአንድ ገበታ አንድ ሰዓት ተኩል ይመድባሉ፤ ይህን የምታውቁት ሂሳቡ ሳትጠሩት ሲመጣ ነው። ስልክ ስትደውሉ እንዲህ በሉ፦ «ሁለት ሰው ነን፤ ለ7 ሰዓት ቦታ እንፈልጋለን። ቀስ ብለን ነው የምንበላው፤ እስከ 9 ሰዓት ብንቀመጥ ችግር አለው?» መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ቤት ሞክሩ።

የማዕዘን ገበታ ካለ ያዙ። ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይልቅ በገበታው ጥግ በሁለት ጎን መቀመጥ ይሻላል፦ ፎቶ አብሮ ለማየት፣ ወረቀት ላይ ለመሳል፣ ዝም ለማለትም ይመቻል።

ከሙዚየሙ ወጥታችሁ በልታችሁ መመለስ የምትፈልጉ ከሆነ ትኬቱ ዳግም እንደሚያስገባ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ አንዴ ከወጣችሁ አያስገቡም።

4. የሚለበስና የሚያዝ

አዲስ ጫማ አይደረግም። በድንጋይና በእንጨት ወለል ላይ እየተገተሩ ቀስ ብሎ መሄድ ከተራ እርምጃ ይልቅ ያደክማል። ሥራዎቹ እንዳይጎዱ ክፍሎቹ ቀዝቀዝ ብለው ስለሚቆዩ ስስ ሹራብ ያዙ። ትልቅ ቦርሳና ጃንጥላ መግቢያው ላይ ስለሚቀመጥ ከቤት ባይወጣ ይሻላል። ማስታወሻ የምትይዙ ከሆነ እርሳስ ይሁን፤ በርካታ ሙዚየሞች እስክሪብቶ አያስገቡም። ቁርስ ደህና አድርጋችሁ ብሉ። በተራበ ሆድ የታየ ሥዕል አይታወስም።

5. እንደገባችሁ

ኮታችሁን አስቀምጡ፣ መጸዳጃ ቤት ሂዱ፣ ካርታ ውሰዱ። ከዚያ ከበሩ ላይ ካለው ክፍል አትጀምሩ። ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነው። በቀጥታ ካከበባችኋቸው ሦስት ክፍሎች ወደ ራቀው ሂዱና ወደ በሩ እየተመለሳችሁ እዩ፤ ሕዝቡ ወደ ውስጥ ሲገባ እናንተ በተቃራኒው ትወጣላችሁ።

ስልካችሁን ድምፅ አልባ አድርጉ። ፎቶ ማንሳት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የማድሪዱ ፕራዶ ጨርሶ ይከለክላል፣ ብዙዎቹ ያለ ፍላሽ ይፈቅዳሉ። በተፈቀደበት ቦታ ሥዕሉን ስታነሱ ከጎኑ ያለውን ጽሑፍም አንሱ፤ አለበለዚያ ምሳ ላይ «ያ ሰማያዊው… ማን ነበር ያለው?» እያላችሁ ትንገዳገዳላችሁ።

የወረቀት ሥራዎችና የውሃ ቀለም ያሉበት ክፍል ስትገቡ ጨለም ይልባችኋል። መብራቱ ተበላሽቶ አይደለም። ብርሃን ወረቀትና ቀለም ስለሚያደበዝዝ ብዙ ሙዚየሞች ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ብቻ ይለቃሉ። ዓይናችሁ እስኪለምድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቁሙ።

6. አሁን ተለያዩ

ብዙ ጥንዶች የሚዘሉት እርምጃ ይህ ነው፤ የቀኑ ሞተር ደግሞ እሱ ነው። አርባ ደቂቃ ለየብቻችሁ ዙሩ። የምትገናኙበትን ወንበርና ሰዓት ተቀጣጠሩ፤ «እንደዋወል» ብላችሁ አትለፉ፣ ወፍራም ግድግዳ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል።

በዚህ ጊዜ እያንዳንዳችሁ ሁለት ሥራ ትመርጣላችሁ። አንደኛው ተፈቅዶላችሁ ቢሆን ቤት ወስዳችሁ የምትሰቅሉት። ሁለተኛው ያልወደዳችሁት፤ የሚያናድድ፣ የሚያስጠላ፣ ወይም «ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» የሚያሰኝ። ምርጫችሁን ለማንም አትናገሩ። የወደዱትን መምረጥ ቀላል ነው፤ ምሳ ላይ ጨዋታ የሚያመጣው ግን ያልወደዱት ነው። ሰው የማይወደውን ሲያስረዳ ራሱን ሳያውቅ ይገልጣል።

ስትገናኙ ተራ በተራ የወደዳችሁትን ለማሳየት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ያመጣው ሰው መጀመሪያ ዝም ይላል። «አየሽ እዚህ ጋ እጁን…» ብሎ መቅደም የለም። የተጋበዘው በራሱ ዓይን ይጀምር። ያልወደዳችሁትን ደግሞ አታሳዩ፤ ፎቶውን ወይም ትዝታውን ለምሳ አስቀምጡት።

7. አሥር ደቂቃ በአንድ ሥዕል ፊት

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የጄፍሪ ስሚዝና የሊሳ ስሚዝ ጥናት በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጎብኚዎች በአንድ ሥዕል ፊት በአማካይ 27 ሰከንድ እንደሚቆሙ አሳይቷል። ግማሾቹ ደግሞ 17 ሰከንድ ሳይሞላቸው ነበር የሄዱት፤ እሱም ጽሑፉን ማንበቢያውን ጨምሮ ነው። አሥር ደቂቃ ከዚህ አንጻር ዘላለም ይመስላል። ስለዚህ ከሳምንት በፊት ቤት ውስጥ ተለማመዱበት። ለልምምድ ለጥንዶች የሚስማማ አንድ ሥዕል አለ፦ ያን ቫን አይክ እ.ኤ.አ. በ1434 የሣላቸው የአርኖልፊኒ ጥንዶች። ሥዕሉ ያለው በሎንዶኑ ናሽናል ጋለሪ ነው፤ ምስሉ በሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ በደንብ እየጎላ ይታያል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ዝም በሉ። ከሩቅ እዩ፣ ጽሑፍ አታንብቡ። ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ ያደረገ ወንድ፣ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ክፍል፣ መስኮት፣ ቀይ አልጋ።

ቀጥሎ ሦስት አራት ደቂቃ ተራ በተራ የምታዩትን ጥሩ። ትርጉም አይሰጥም፤ የሚታይ ነገር ብቻ።

«እግራቸው ሥር ትንሽ ውሻ አለ።»
«መስኮቱ ጋ ብርቱካን።»
«የእንጨት ጫማ ወልቆ ተጥሏል።»
«መቅረዙ ላይ አንድ ሻማ ብቻ በርቷል።»
«በቀን?»
«በቀን።»

እዚህ ስትደርሱ አንዳችሁ መስታወቱን ታገኛላችሁ። ከኋላ ግድግዳው ላይ ክብ፣ ወደ ውጭ ያበጠ መስታወት አለ። በውስጡ የጥንዶቹ ጀርባ ይታያል፤ ከእነሱ ማዶ ደግሞ በሩ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች። ማለትም ሥዕሉን የምታዩበት ቦታ ላይ ሰው አለ። ከመስታወቱ በላይ በላቲን «ያን ቫን አይክ እዚህ ነበር፣ 1434» ተብሎ ተጽፏል። ሥዕሉ በጠቅላላ 82 በ60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህ ሁሉ ያለው ከመዳፍ በማይበልጥ መስታወት ውስጥ ነው።

ከዚያ ቅረቡ። በሙዚየም ውስጥ ከሥዕሉ አንድ ክንድ ያህል ራቁ፤ በጣት ወይም በእርሳስ አትጠቁሙ፣ ጥበቃው የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ቅርበት የሚያሳየው አሠራሩን ነው፦ ብሩሽ የሄደበትን፣ ቀለም የተቆለለበትን፣ የተሰነጣጠቀውን። ቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት ያለውን የጆርጅ ሱራን ትልቅ ሥዕል፣ በወንዝ ዳር የእሑድ ከሰዓት ሰዎችን፣ ቀርቦ የሚያይ ሰው ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚያገኘው። ራቅ ሲል ነጠብጣቡ ሣር፣ ጃንጥላና ጥላ ይሆናል። አንድ ጊዜ ቀርባችሁ አንድ ጊዜ ሳትርቁ ሥዕል አየሁ አትበሉ።

ጽሑፉ የሚነበበው አሁን ነው። የሠዓሊው ስም፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ የተሠራበት ነገር፣ መጠን፣ መጨረሻ ላይ የሙዚየሙ መዝገብ ቁጥር። በአንዳንድ ሙዚየሞች የቁጥሩ መጀመሪያ ሥራው ወደ ሙዚየሙ የገባበት ዓመት ነው፤ ጥያቄ ያስነሳል። ከእነማን? እንዴት?

የመጨረሻዋን ደቂቃ አንዳችሁ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ቁሙና ሥዕሉን በቃል ግለጹ። ሌላችሁ እያያችሁ አርሙ። «ውሻው በየት በኩል ነበር?» መጣላት ይፈቀዳል።

በአርኖልፊኒ ሥዕል ላይ አጥኚዎችም አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1934 ኤርዊን ፓኖፍስኪ የሚባል የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ይህ ሥዕል የጋብቻ ምስክርነት ነው ብሎ ተከራከረ፤ በኋላ የመጡ ብዙዎች አልተቀበሉትም። ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ትመስላለች፤ ናሽናል ጋለሪ ግን አይደለችም፣ የዘመኑን ሰፊ ቀሚስ ሰብስባ ይዛ ነው ይላል። እናንተ ግን ይህን ከማንበባችሁ በፊት የራሳችሁን ግምት ብትይዙ ይሻላል። ስለዚህ ሙዚየም ውስጥም የድምፅ መመሪያውን አሥር ደቂቃ ለምታዩት ሥዕል አታድርጉት፤ ከፈለጋችሁ ለሌሎቹ።

8. ሲደክማችሁ

ድካሙ እውነተኛ ነው፣ ስም እንኳ ወጥቶለታል። ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን የተባለ የቦስተን ሥነ ጥበብ ሙዚየም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1916 «የሙዚየም ድካም» በሚል ርዕስ ጽፏል። አንድ ሰው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ለማየት እንዴት እንደሚጎነበስ፣ እንደሚንጠራራና እንደሚንበረከክ በፎቶ አሳይቶ፣ ድካሙ ከዕቃዎቹ አቀማመጥ ጭምር እንደሚመጣ ተናገረ። መድኃኒቱ መቀመጥ ነው። በየሃያ ደቂቃው ወንበር ፈልጉ፤ በሥዕል ፊት ያለ ወንበር ሲገኝ ደግሞ አሥር ደቂቃውን እዚያ አሳልፉ።

አንድ ደንብ ከጠዋቱ ተስማሙ፦ ከሁለት አንዳችሁ «በቃኝ» ካለ፣ ሌላው አንድ ሥዕል ብቻ መርጦ አይቶ ይወጣል። ለምን፣ ገና፣ ያልታየ አለ የለም። ሰዓቱ ገና 5 ተኩል ቢሆንም።

9. ሱቁ

ፖስት ካርድ ለየራሳችሁ አንድ። ሌላው ሁሉ ሲወጡ የሚያምር፣ ቤት ሲገባ አቧራ የሚለብስ ነው።

10. ምሳው

ተቀመጡ፣ ውሃ ይምጣ። ሜኑውን ስትቀበሉ ለአስተናጋጁ «አንቸኩልም፣ መጀመሪያ ቀለል ያለ ነገር እናዝዛለን፣ ዋናውን በኋላ» በሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የምሳውን ፍጥነት ትወስናለች። ሁሉንም በአንዴ ካዘዛችሁ ሁሉም በአንዴ ይመጣል፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ባዶ ሳሕን ፊት ትቀመጣላችሁ።

የመጀመሪያው ምግብ እስኪመጣ ስለ ሙዚየም አታውሩ። ስለ ሰው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጫማ አውሩ። ረሃብ የያዘው ሰው ስለ ሥዕል ያለው አስተያየት ቁርጥ ያለ ነው፤ ወይ «ቆንጆ ነው» ወይ «አልወደድኩትም»። ሆድ ሲረጋጋ ዝርዝሩ ይመጣል።

ከዚያ ያልወደዳችሁትን አምጡ። ተናጋሪው ሥዕሉን ይገልጻል፣ ሌላው የሚጠይቀው የሚታየውን ብቻ ነው፦ ምን ያህል ነበር? ምን ቀለም ይበዛዋል? ሰው ነበረበት? ፎቶው የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። በቃል የተነገረውና በፎቶ የሚታየው ሲለያይ ነው ጨዋታው የሚሞቀው። ተናጋሪዋ ግዙፍ ያለችው ትንሽ፣ ጨለማ ያለችው ብሩህ ሆኖ ይገኛል፤ ለምን እንዲህ እንደታያት ስትፈልግ ከሥዕሉ ይልቅ ስለ ራሷ አንድ ነገር ትናገራለች።

ከዚያ ሌላ መልመጃ። አሥር ደቂቃ አብራችሁ ያያችሁትን ሥዕል እያንዳንዳችሁ በወረቀት ላይ አውጡት። ስዕል መቻል አያስፈልግም፤ ሰዎቹ የት ቆመዋል፣ መስኮቱ በየት በኩል ነው፣ ባዶው ቦታ የቱ ነው፣ ይህን በመስመርና በክብ ብቻ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጉ። አንዱ እጆቹን አጉልቶ ያወጣል፣ አንዷ በሩን። አንድ ሥዕል ፊት አብራችሁ ቆማችሁ ሁለት ሥዕል እንዳያችሁ ወረቀቱ ይመሰክራል።

ከሁለታችሁ አንዳችሁ ስለ ሥነ ጥበብ የተሻለ እውቀት ካላችሁ ሁልጊዜ ሁለተኛ ሆናችሁ ተናገሩ። አዋቂው ከቀደመ ሌላው ተማሪ ይሆናል፤ ተማሪ የሆነ ሰው ደግሞ ምሳው ላይ ያዳምጣል እንጂ አይጫወትም። የዘመን ክርክር ቢነሳ ስልክ አውጥቶ ማጣራትም ሂሳቡ እስኪመጣ ይቆይ። «ማን ልክ ነው» ከተፈታ በኋላ ወሬው ይሞታል።

ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል ጠዋት ተነጋግራችሁ ጨርሱ። አንዱ ትኬት፣ ሌላው ምሳ ብትሉ ገበታ ላይ መታገል አይኖርም።

11. ከምሳ በኋላ

ሌላ ነገር አትጨምሩ። ሲኒማ፣ ሁለተኛ ሙዚየም፣ የዘመድ ጥየቃ፣ ሁሉም ይቅር። ግማሽ ሰዓት ያህል ተራመዱና ወደ ቤት ሂዱ። ትኬታችሁ ዳግም የሚያስገባ ከሆነና አንዳችሁ ያን የማትወዱትን ሥዕል እንደገና ማየት ከፈለጋችሁ ግን ተመለሱ፤ ለአንድ ሥዕል ብቻ፣ ለአሥራ አምስት ደቂቃ። የመጨረሻው መግቢያ ሙዚየሙ ከመዘጋቱ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ሊቆም ስለሚችል ጠዋት ስትገቡ ሰዓቱን ጠይቃችሁ ያዙት።